የእሷ ክረምት መቼ ነው?

ግንቦት ከገባ ጀምሮ እኛ ቤት ክረምት ይቆጠራል። ትንሿ ልጄ ፍሪጁ በር ላይ የለጠፈችውን የቀን መቁጠሪያ በየማታው በቀይ እስክሪብቶ ትሰርዛለች፤ የዓመቱ ፈተና ሊያልቅ ስንት ቀን እንደቀረው ከርዕሰ መምህሩ በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ታላቅየው የሚያልመው ኳስና እንቅልፍ ብቻ ነው። ባለቤቴ ደግሞ እሁድ ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልሎ መተኛት የሚባል ምኞት አለው፤ ዓመቱን ሙሉ ሲያወራው ይከርማል። እኔም አልቀርም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል የሰርቪስ ጡሩምባ የማልሰማበት፣ ምሳ ዕቃ የማይዘጋጅበት፣ "ካልሲሽን የት ጣልሽው?" የማይባልበት ሁለት ወር! ግንቦትንና ሰኔን የምገፋቸው እሱን እያሰብኩ ነው።

ክረምት ስል ዝናቡን ብቻ ማለቴ አይደለም። በባሕረ ሐሳቡ ቆጠራ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ለተማሪና ለተማሪ ወላጅ ግን ክረምት ማለት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ነው። አሜሪካ ያሉት የእህቴ ልጆች "ሰመር" ብለው የሚጠብቁት ፀሐይን ነው። የኛዎቹ በዚያው ወራት የሚጠብቃቸው ጭቃና ብርድ ነው። ጉጉቱ ግን አንድ ነው። እዚያም እዚህም የሚናፈቀው እረፍት ነው። የኔም ጠብ ከዚህችው ቃል ጋር ነው። እረፍት፣ ግን የማን?

ክረምት ዝም ብሎ አይገባም፤ ይዘጋጁለታል። ፀሐይዋ ሳትጠፋ በርበሬው ይቀነጠሳል፣ ይደለዛል፣ ይሰጣል፣ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። የሽሮው እህል ይለቀማል፣ ይታመሳል። ከሰል ሳይረጥብና ሳይወደድ በጆንያ ይገዛል። ብርድ ልብሱና መጋረጃው ሊደርቅ የሚችልበት ቀን እያለ ይታጠባል። "ይቀነጠሳል፣ ይደለዛል፣ ይታጠባል" እያልኩ ስጽፍ ግሡ ራሱ ሠራተኛውን ደበቀልኝ አይደል? አማርኛችን ለዚህ የተመቸ ነው። ሥራው ይሠራል፤ ማን እንደሠራው አይነገርም።

እኛ ቤት የምትሠራው የቤት ሠራተኛችን ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ሳታውቅ እዚህ ላወጣት መብት የለኝም። ከጎጃም ገጠር አዲስ አበባ ከመጣች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ እኛ ዘንድ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ማታ ማታ ትማራለች፣ 7ኛ ክፍል ናት። ልጆቼ በስሟ ይጠሯታል፤ እሷ እኔን "እትዬ"፣ ባለቤቴን "ጋሼ" ትላለች።

ባለፈው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና አፍልታ ነበር። አቦሉን ጠጥቼ ቶናውን እየቀዳችልኝ፣ ዓይኗን ከስኒው ሳትነቅል፣

"እትዬ፣ ነሐሴ ላይ አገሬ ገብቼ እናቴን ባያት ብዬ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ብቻ" አለችኝ።

"ክረምት ላይማ እንዴት ይሆናል? ልጆቹ እኮ ቤት ናቸው። ትምህርት ሲከፈት ትሄጃለሽ።"

"ትምህርት ሲከፈትማ እኔም ትምህርት አለብኝ።"

ዝም አልኩ። ጀበናዋን ማቶት ላይ አስቀመጠችና እንዲህ አለች፦ "ታዲያ የኔ ክረምት መቼ ነው፣ እትዬ?"

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። አውቶቡስ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነሳ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የጠየቀችኝ፤ መልሱ ያለኝ መስሏት። እኔ ግን አልነበረኝም። "እስቲ እናያለን" አልኳት። እኛ ቤት "እስቲ እናያለን" ማለት "አይሆንም" ማለት ነው፤ ልጆቼም ያውቁታል፣ እሷም ታውቀዋለች።

አላየንም። ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተጾመ፣ የሰፈሩ ልጆች ለቡሄ በራችን ላይ ጨፈሩ፣ እንቁጣጣሽ መጣ። እሷም ድጋሚ አላነሳችውም። መስከረም ላይ ደብተሯን ይዛ ማታ ትምህርቷ ሄደች። ምንም አልተፈጠረም። የሚያሳፍረኝም ይኸው ምንም አለመፈጠሩ ነው። አንድ ሰው ዓመት ጠብቆ አንድ ነገር ለመነን፣ ከለከልነው፣ ቤቱ ግን ቅንጣት ታህል አልተናወጠም። ሽሮው በሰዓቱ ቀረበ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። እስቲ እናንተም ቤት ግቡና ቁጠሩ። ትምህርት ባለበት ወቅት ልጆቹ ጠዋት ወጥተው 10 ሰዓት ላይ ይመለሳሉ። በመካከል ያለው ጊዜ ለሠራተኛዋ ባዶ አይደለም፤ ግን ቢያንስ የራሷ ትንፋሽ ያለው ጊዜ ነው። ክረምት ሲገባ ያ ሰዓት ይጠፋል። ቁርስ በየተራ በሦስት ዙር ይበላል፤ ማንም በአንድ ሰዓት አይነሳማ። ምሳ ቤት ነው። መክሰስ ቤት ነው። በቆሎ እሸት ይጠበስልን ይባላል። ልጆቹ ጭቃ ውስጥ ኳስ ተጫውተው ይገባሉ፤ ወለሉ በቀን አራት ጊዜ ይወለወላል። የታጠበው ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም፤ ሲዘንብ ይሰበሰባል፣ ሲያባራ ይሰጣል፣ ማታ በከሰል ዳር እየተገላበጠ ይጠነቀቃል። መብራት ይጠፋል፤ ምጣዱ መሐል ላይ ይቀዘቅዛል። ብርዱ ሊጡን እንደ ልብ አያቦካውም። ከውጭ አገር ዘመድ የሚመጣውም በዚሁ ወር ነው፤ አልጋ ይነጠፋል፣ ዶሮ ይሠራል።

እኛ እረፍት ከሰማይ ከዝናቡ ጋር አብሮ የሚወርድ ይመስለናል። አይወርድም። እረፍት ከሰው ላይ ነው የሚሰበሰበው። የኔ የሁለት ወር እፎይታ፣ የባለቤቴ የእሁድ ጋቢ፣ የልጆቼ ረጅም እንቅልፍ፣ ሦስቱም ሲደመሩ የአንዲት ወጣት ተጨማሪ ድካም ናቸው። ስለ ክረምት የተነገረን ውብ ነገር ሁሉ፣ ዝናቡም ጉሙም የቡናውም ጢስ፣ በመስኮት በኩል የታየ ነው። ከመስኮቱ ውጭ ገመድ ላይ ልብስ ለመሰብሰብ የሚሮጠውን ሰው ማንም አልገጠመለትም።

አሁን ይህን ስናገር የሚሰጠኝን መልስ አውቀዋለሁ። ለራሴ ዓመት ሙሉ የሰጠሁት መልስ ነውና።

የመጀመሪያው "እኛ እኮ እንደ ልጃችን ነው የምናያት" የሚለው ነው። እሺ፣ እንደ ልጃችን ነው እንበል። ታዲያ የትኛው ልጃችን ነው እናቱን ለማየት ፈቃድ የሚጠይቀው? የትኛው ልጃችን ነው እኛ በልተን እስክንነሳ ወጥ ቤት የሚቆየው? ክረምት ሲመጣ ልጆቻችን ያርፋሉ፤ "እንደ ልጃችን" የሆነችው ግን ሥራ ይበዛባታል። ቤተሰብ የምንላት ሥራ ሲኖር ነው፤ ፈቃድ ስትጠይቅ ወዲያው ሠራተኛ ትሆናለች። ከሁለቱ አንዱን እንምረጥ። ልጅ ከሆነች ትረፍ። ሠራተኛ ከሆነችም ሠራተኛ የሚያርፍበት ደንብ ይኑራት። አሁን የያዝነው ከሁለቱም ለኛ የሚመቸንን ቆርጠን ነው።

ሁለተኛው "ከሄደች አትመለስም" ነው። ይህን የማይል የአዲስ አበባ ቤት ካለ ይንገረኝ። ፍርሃቱን አልክድም፤ ደላላ ፍለጋ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን ቃሉን ቀስ ብለን እንስማው። በሩ ከተከፈተ ትጠፋለች ብለን የምንፈራ ከሆነ፣ እዚህ ያቆያት በሩ መዘጋቱ ነው ማለታችን አይደለም? የምትመለስበት ምክንያት መስጠት የኛ ፋንታ ነው፤ ደሞዟን በሰዓቱ፣ ትምህርቷን ሳይነካ፣ ክብሯን ሳይነካ። አንዳንዱ ቤት የወር ደሞዟን ይዞ "ስትመለሺ ትወስጃለሽ" ይላል። ይኼ መያዣ ይባላል፤ ሰው ግን በመያዣ አይያዝም።

ሦስተኛው "ብር እንጨምርላታለን" ነው። እኔም አስቤዋለሁ። ክረምት ላይ ሥራ ስለሚበዛ ደሞዝ መጨመር ተገቢ ነው፤ ማንም አይከለክልም። ግን እናትን ማየት በብር አይካካስም። እኔን የመሥሪያ ቤቴ አለቃ "እናትሽን አትጠይቂ፣ ብር እሰጥሻለሁ" ቢለኝ ሰፈሩን በጩኸት አደባልቀው ነበር።

አራተኛው የኔ የግሌ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ የከበደኝም እሱ ነው። "እኔስ መቼ አረፍኩ?" እውነት ነው። ቢሮ ውዬ ማታ ቤት ስገባ ሁለተኛው ፈረቃ ይጠብቀኛል። የልጅ ሕመም፣ የአማች ለቅሶ፣ የእድር፣ የትምህርት ቤት ስብሰባ፣ ሁሉም እኔ ላይ ነው የሚወድቀው። እሷ ሁለት ሳምንት ብትሄድ ሥራዋ በባለቤቴ ላይ እንደማይወድቅ ስለማውቅ ነው "አይሆንም" ያልኩት። ልብ በሉልኝ፦ ከባለቤቴ ጋር መጋጨቱ ሲከብደኝ፣ መጋጨት ከማትችለው ጋር ጨረስኩት። የወንዱ እጅ ወጥ ቤት አለመግባቱ የኔ ቁስል ነው ብዬ ሳስብ ኖሬ፣ ለካ ቁስሉን ወደ ታች አስተላልፌዋለሁ። እኛ የተማርን ሴቶች ከማጀት የወጣነው ማጀቱ ፈርሶ አይደለም፤ ሌላ ሴት አስገብተንበት ነው። ይህን የምለው ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በዚህ ነገር የባሎቻችን ዝምታ ከኛ "እስቲ እናያለን" የባሰ ነው። እኔ ቢያንስ ተጠይቄ ዋሽቻለሁ፤ እነሱ ጭራሽ አልተጠየቁም።

ሕጉስ? ሕጉም ከኛ የተሻለ አልሆነም። እኔ የምሠራው በግል ድርጅት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፤ ከዚያም ለየሁለት ዓመቱ አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመርለታል። በሳምንትም ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት እረፍት ይገባዋል። እኔ ፈቃዴን የምወስደው ሐምሌ ላይ ነው፤ አንድ ቅጽ ሞልቼ እፈርማለሁ፣ አበቃ። ማንንም አልለምንም፤ የማንንም ፊት አላይም።

ይኸው አዋጅ ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከራሱ ውጭ አድርጎታል። በሌላ ቋንቋ የቤት ሠራተኛ አይመለከተውም። የእሷ የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ይላል። ከሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም እንዲሁ ነበር ያለው። በሁለቱ አዋጆች መካከል 15 ዓመት አለ። በ15 ዓመት ውስጥ አንዲት ልጅ ተወልዳ፣ አድጋ፣ ሰው ቤት ትቀጠራለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር የቤት ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾች አሉ፤ እነሱን ገልጦ ያየ አሠሪ ግን እኔ አላጋጠመኝም፤ እኔም ይህን ጽሑፍ እስክጀምር ድረስ አላየኋቸውም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በበኩሉ በ2011 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189ን አጽድቋል፤ በሳምንት ቢያንስ ተከታታይ 24 ሰዓት እረፍት ይገባቸዋል ይላል። ስምምነቱ የጸደቀው ሰኔ 9 ቀን ነው፤ ቀኑም የቤት ሠራተኞች ቀን ሆኖ ይታሰባል። ሰኔ 9! ልጄ ቀኑን በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዘች ባለችበት፣ እኔም "ክረምት ደረሰ" ብዬ በምፈነድቅበት ሳምንት።

እኛ ቤት የሳምንት እረፍት የምንለው እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ የምትመለስበትን ጊዜ ነው። ቀድሳ መጥታ ነጠላዋን አጣጥፋ ሽንኩርት ትከትፋለች። እኛ በልባችን "አረፈች" ብለን እንመዘግባለን።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ የሚያምም ቢሆንም። ዓረብ አገር ስላሉ እህቶቻችን ስንሰማ እናለቅሳለን። ፓስፖርቷን ቀሟት፣ እረፍት ከለከሏት፣ አገሯ ልትገባ ስትል "ልጆቹን ማን ይይዛል?" አሏት ሲባል ደማችን ይፈላል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ ቤሩት ውስጥ አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው አምጥተው ቆንስላው በር ላይ የጣሏቸውን ልጆች ፎቶ አይተን ስንት ቀን እንቅልፍ አጣን። መናደዳችን ትክክል ነበር። ዱላና እስር ካለበት ቤት ጋር የኔን ቤት አላስተካክልም፤ አንድ አይደሉም። ግን "ልጆቹን ማን ይይዛል?" የሚለውን ዓረፍተ ነገር በዓረብኛ ስሰማው ጭካኔ የሆነብኝ፣ በአማርኛ ስለው እንዴት የቤት አስተዳደር መሰለኝ? ባሕር ማዶ ያለችው "እመቤት" ክፉ ናት ካልን፣ ቦሌና ሰሚት ያለችው "እትዬ" በምን መለኪያ ደግ ሆነች? ብዙዎቹ ልጆች ወደዚያ የሚሻገሩት በኛ ማጀት አልፈው እንደሆነስ እንዴት ረሳነው? የማይጠየቅ እረፍት እንዳለ የተማሩት እኛው ዘንድ ነው።

ልጆቼም አብረው እየተማሩ ነው። የክረምት ትምህርት ብለን ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ከፍለን እንልካቸዋለን። ቤት የሚሰጠው የክረምት ትምህርት ግን ነጻ ነው፤ መምህሮቹም እኛ ነን። ሰሐን በልተው የተዉበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው እንደሚያነሳው፣ ጭቃ የሆነ ጫማ ሌሊት ብቻውን እንደሚነጣ፣ የአንዳንድ ሰው እናት ከአንዳንድ ሰው እናት ያነሰች እንደሆነች ይማራሉ። ይህን ትምህርት ማንም አይደግምም፤ ሁሉም በአንደኛነት ነው የሚያልፈው።

ታዲያ ምን ይሁን? ደንቡ ይውጣ፤ ይህ የመንግሥት ዕዳ ነው፤ ሳይሰለቹ መጠየቅ ነው። ግን ደንብ እስኪወጣ ሰው ለማሳረፍ ማንም አልከለከለንም። የማቀርበው ትልቅ ነገር አይደለም። በዓመት 16 የሥራ ቀን ለኛ የሚገባን ከሆነ ለእሷም ይገባታል፤ ከነደሞዟ፣ እሷ በመረጠችው ወር። ክረምት ከመረጠች ክረምት። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ ሽንኩርት የማይከተፍበት። ይህም በቃል ሳይሆን በወረቀት ይጻፍ፤ ቡና እየቀዳች አንገቷን ደፍታ እንዳትለምነው።

"ቤቱስ?" ለሚል፣ ቤቱ ይዝረክረክ። ሁለት ሳምንት ያልተወለወለ ወለል ማንንም አልገደለም። እንጀራ በየሰፈሩ ይሸጣል። የ14 ዓመት ወንድ ልጅ ካልሲውን ማጠብ ይችላል። 45 ዓመት የሆነው አባቱም ይችላል፤ ጋቢውን አጣጥፎ መነሳት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ይህን የምጽፈው ግንቦት ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ሳትጠይቀኝ ጠርቼ ነገርኳት፦ ከነሐሴ 1 ጀምሮ፣ ከነደሞዝሽ፣ ያንቺ ነው። ደስታዋን ለማየት ጓጉቼ ነበር፤ ምስጋናም ጠብቄ ነበር፣ አልዋሽም። እሷ ግን ረጋ ብላ አየችኝና "የምርዎትን ነው?" አለችኝ። ከአራት ዓመት በኋላ ያተረፍኩት እምነት ይህን ያህል ነው። ለዚህም ነው እዚህ የምጽፈው። "እስቲ እናያለን" የምትለዋ ምላሴ ሐምሌ ላይ ተመልሳ እንዳትመጣ፣ ዝናቡ ሲበረታና ዘመድ ሲደወል እንዳልሸሽ፣ ምስክር ይሁንብኝ ብዬ።

በማግስቱ ማታ ልጄ ቀኗን ልትሰርዝ ፍሪጁ ጋ ሄዳ ቆመች። ነሐሴ ላይ 15 ቀኖች በእርሳስ ተከበዋል፤ ቢከለከል ለማጥፋት እንዲመች ይመስላል ቀለል ተደርጎ። "እማዬ፣ ይኼ የማነው?" አለችኝ። የማን እንደሆነ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና "ታዲያ ያኔ ቁርስ ማን ይሠራልናል?" ብላ ጠየቀች።

ባለቤቴ ከሶፋው ላይ ቀና አለ። ሁላችንም እሱን አየነው።

ቀዩን እስክሪብቶ ከልጄ ተቀብዬ የእርሳሱን ክብ አንድ በአንድ ደገምኩበት።